ከምዕራፍ ምዕራፍ በወንዝ ዳር



በእኛ አገር ወንዝ መንገድ ነው። ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ የፈለገ ሰው ወንዝ ይከተላል። ከብት ይከተላል፤ ነጋዴም ይከተላል። ውሃው መውረጃውን አስቀድሞ ፈልጎ አግኝቶታልና እግር ከኋላው ይሄዳል።

በዚህ ሣምንት የምናነበው ስለ ወንዝ ዳር መንገድ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ በአንድ ቀን አይጨረስም። ስለዚህ ከፋፍለን ሄድነው። ጽሑፉም እንደ መንገዱ ረዘም ያለ ነው። እናንተም ከፋፍላችሁ አንብቡት።

ምዕራፍ የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። በመጽሐፍ ውስጥ አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው ሲጀመር ምዕራፍ ይባላል። ቃሉ የመጣው ከማረፍ ነው። ምዕራፍ ማለት ማረፊያ ማለት ነው። የጥንት መንገደኛ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ማረፊያ እየቆጠረ ይሄድ ነበር። አሞሌ ጨው ጭኖ የሚጓዝ ነጋዴ “ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር ሄድኩ” አይልም። “ይሄን ያህል ቀን ሄድኩ” ይላል። በየማደሪያው ውሃ፣ ሣርና ሰው መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቃል። አንባቢም እንደዚያው ነው። አንዱን ምዕራፍ ጨርሶ ያርፋል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

የጉዞው ምክንያት

ሲሪንቃ በሀብሩ ወረዳ፣ በወልድያና በመርሳ መካከል፣ በደሴ አውራ ጎዳና ላይ ያለች ቦታ ናት። ከመርሳ እስከ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስተምዕራብ ተራራው ይታያል። በስተምሥራቅ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ሁሉ መንገዱን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል።

በሲሪንቃ የንባብ ክፍላችን “ወንዝ” የሚለውን ቃል ስናነብ አንድ ጥያቄ ተነሣ። “ይሄ የእኛ ውሃ መጨረሻው የት ነው?” ተባለ። አንዱ ተማሪ “ባሕር ይገባል” አለ። ሁለተኛዋ “ኧረ የምን ባሕር! አሸዋ ይጠጣዋል” አለች። ሦስተኛው ደግሞ “አዋሽ ይገባል ሲሉ ሰምቻለሁ” አለ። ክርክሩ በካርታ ብቻ የሚያልቅ አልሆነም። ሦስት አስተማሪዎችና አምስት ተማሪዎች ሆነን በእረፍት ቀናችን ውሃውን ተከትለን ለመሄድ ተስማማን።

አንደኛ ምዕራፍ፦ ከሲሪንቃ ወደ ታች

ከሌሊቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሣን። ስንቃችን ዳቦ፣ ቆሎና የፈላ ውሃ ነበር። በትር ያልያዘ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ያለፍነው በማሽላና በጤፍ ማሳ መካከል ነው። አዝመራው ተሰብስቦ አልቋል። የቀረው አገዳ ብቻ ነው። በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ግራና 1 የተባለው የማሽላ ዝርያ ከዚሁ ማዕከል የወጣ ነው፤ ስሙም በወረዳችን ያለ ቦታ ስም ነው። የማሽላ ጠላት አቀንጭራ መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችም አሉ። ከእነሱ አንዱ “አብሽር” ይባላል። አብሽር ማለት በወሎ አነጋገር “አይዞህ፣ በርታ” ማለት ነው። ለዘር የሚሆን መልካም ስም ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን መንገዱ ድንገት ተቆረጠ። ከፊታችን ገደል ሆነ። ከገደሉ አጠገብ አንዲት እናት ፍየል ይጠብቃሉ። እሳቸውም የማታ ተማሪ ናቸው።

“እናቴ፣ መንገዱ የት ሄደ?” አልናቸው።

“መንገዱማ እዚያ ነበረ፣ ልጆቼ” አሉና በጣታቸው አሳዩን። ያሳዩን ቦታ ባዶ አየር ነው። ከሥሩ የወንዙ አሸዋ ይታያል።

ነገሩን በዝርዝር ነገሩን። ወንዙ በየክረምቱ ዳሩን ይበላል። መንገዱ ሲናድ ሰው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሌላ መንገድ ያወጣል። እንዲህ እየተባለ መንገዱ ሦስት ጊዜ ተለውጧል። አሁን አራተኛው መንገድ የሚያልፈው በእሳቸው ማሳ ውስጥ ነው። “ወንዙ ከዚያ ይበላኛል፤ መንገደኛው ከዚህ ይረግጠኛል። እኔ በመሐል ቀረሁ” አሉን። እውነታቸውን ነው። መሬታቸው ከሁለት ወገን እየጠበበ ነው።

“ለቀበሌው አልተናገሩም?” ብለን ጠየቅናቸው።

“ተናግሬያለሁ። ‘ስንት ተበላብሽ?’ ይሉኛል። ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ብዙ ነው እላለሁ። ብዙ ማለት ቁጥር አይደለም።”

በማሳው ዳር አንድ ዋንዛ አለ። ከዋንዛው ግንድ እስከ ገደሉ አፋፍ በእርምጃ ለካን። 23 እርምጃ ሆነ። እንጻፍልዎት አላልናቸውም። ደብተራቸውን አውጥተው እሳቸው ራሳቸው ጻፉት። “ከዋንዛው እስከ ገደሉ 23 እርምጃ” ብለው ቀኑን ጨመሩበት። የእጅ ጽሑፋቸው ትልልቅና ዘገምተኛ ነው፤ ይነበባል። ከክረምት በኋላ እንደገና ይለኩታል። 18 ከሆነ 5 እርምጃ ሄዷል ማለት ነው። ይሄ ቁጥር ነው።

ውሃው ዳሩን ለምን ይበላል? ላይኛው ተዳፋት ሲራቆት የዝናቡን ውሃ የሚይዘው የለም። ሣርና ቁጥቋጦ ባለበት ቦታ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል። በተራቆተ ቦታ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ድንጋይ ይዞ ይመጣል። በወንዙ መታጠፊያ ላይ ውጫዊውን ዳር እየመታ ከሥር ይሸረሽረዋል። ከሥሩ የተሸረሸረ ዳር ከላይ ይናዳል። መድኃኒቱ ከላይ ይጀምራል። እርከን፣ በየቦረቦሩ የድንጋይ ክትር፣ ከልቅ ግጦሽ የተጠበቀ ተዳፋት ያስፈልጋል። ከታች ደግሞ የከብት መውረጃው በአንድ በተመረጠ ቦታ ይሁን። ከብት በየቦታው ሲወርድ ዳሩን ይሰብራል፤ ጎርፉም በተሰበረው በኩል ይገባል።

ቀትር ሲሆን ውሃው እያነሰ ሄደ። በመጨረሻም ከአሸዋው ሥር ገባና ጠፋ። እረኞች አሸዋውን በእጃቸው እየጫሩ ከብት ሲያጠጡ አየን። “አሸዋ ይጠጣዋል” ያለችው ተማሪያችን ፈገግ አለች። እኛም “ጉዞው ገና ነው” አልናት። በዚያው ቀን ወደ ሲሪንቃ ተመለስን።

ሁለተኛ ምዕራፍ፦ የውሃ ተራ

በሁለተኛው ጉዞ በጋውን ሙሉ የማይደርቅ ሌላ ወንዝ መረጥን። በመርሳ በኩል መስኖ ብዙ ነው። ሽንኩርት፣ ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ ይበቅላል። የወንዙ ዳር መንገድ በቦዩ አጠገብ ይሄዳል። እግር በጥላ ሥር ሲሄድ አይደክምም።

ውሃው ከወንዙ ወደ ቦይ በሚገባበት ቦታ ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። አንዱ “ተራው የእኔ ነው” ይላል። ሌላው “ትናንት ሌሊት ውሃው ስለተሰበረ ተራዬ አልተቆጠረም” ይላል። አካፋ በእጃቸው ነው። በቆላ አገር በውሃ የተነሣ ጠብ ደም እንደሚያፈስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በዚህ ጊዜ የውሃ አባቱ መጡ። የውሃ አባት ማለት ውሃ ተጠቃሚዎቹ የመረጡት፣ ተራ የሚያዝ ሰው ነው። እኒህ አባት ዕድሜያቸው ገፍቷል። የ30 ሰው ተራ በቃል ይይዛሉ። “እኔ ስሞት ተራው አብሮኝ ይቀበራል እንዴ?” ብለው የልጅ ልጃቸውን መዝገብ እንድትይዝ አድርገዋል። ልጅቷ ደብተሩን ገልጣ ጮክ ብላ አነበበች። የማን ቀን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ቦዩ መቼ እንደተሰበረ ተጽፏል። የተሰበረበት ሰዓት ሲቆጠር ሁለተኛው ሰው እውነት እንዳለው ታወቀ። ግማሽ ተራ ተጨመረለት። አንደኛው አኩርፎ ሄደ፤ አካፋውን ግን ትከሻው ላይ አድርጎ ነው የሄደው።

ወረቀት ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ያላግባብ የተጻፈ ተራ ያላግባብ ይነበባል። ለዚህ ነው የውሃ አባቱ ተራውን ሁሉ ሰው ቆሞ እየሰማ የሚያስነብቡት። የሰሙት ሰዎች ምስክር ይሆናሉ። ማንበብ የሚችሉትም ደብተሩን ተቀብለው ያረጋግጣሉ። ማንበብ የሚችለው ሰው ሲበዛ ማታለል የሚፈልገው ሰው ይቸገራል።

ሦስተኛ ምዕራፍ፦ ሚሌ

የሀብሩ ወረዳ የደቡብ ድንበር ሚሌ ወንዝ ነው። ሚሌ የሚነሣው በደቡብ ወሎ፣ በተሁለደሬ፣ ከሱሉላ በስተምዕራብ ካለው ከፍታ ነው። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ከዚያ ይታጠፍና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ይወርዳል።

በመኪና እስከ ውርጌሳ ሄድን። ከውርጌሳ ወደ ደሴ ለሚሄድ ሰው ውጫሌ በመንገድ ላይ ናት። የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚያች ቦታ ነው። ጊዜው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነበር። የዚያ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣልያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር። በዚያ ልዩነት ጠብ ተነሣ፤ ነገሩም እስከ አድዋ ጦርነት፣ እስከ 1888 ዓ.ም. ደረሰ። አንድ አንቀጽ በጥንቃቄ ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

እኛ ግን ወደ ደቡብ ወርደን ሚሌን አገኘነውና ዳር ዳሩን ወደ ምሥራቅ ተጓዝን። ጊዜው የበልግ ወራት ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መሻገሪያ ቦታ ደረስን። ውሃው ከጉልበት በታች ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ልንሻገር ጫማችንን ስናወልቅ አንድ አባት ከወዲያኛው ዛፍ ሥር ተነሥተው “ቁሙ!” አሉን።

“ምነው አባቴ፣ ውሃው ትንሽ አይደለም?” አልን።

“ውሃውን አትዩ። ተራራውን እዩ” አሉ።

ወደ ምዕራብ ዞር ብለን አየን። ደጋው ጠቁሯል። እዚያ ዝናብ እየወረደ ነው። እኛ በፀሐይ ላይ ነን፤ ጎርፉ ግን መንገድ ጀምሯል። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ደፈረሰ። ቀጥሎ ቅጠልና አረፋ መጣ። ከዚያ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ሰማን። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው። አሮጌ ዘፍ እንደ ገለባ ተንሳፎ አለፈ። ልንሻገርበት የነበረው ቦታ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ።

በዚህ ጊዜ አህያ የሚነዳ ወጣት መጣ። እህል ጭኗል። “ነገ ገበያ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም” ይላል። አህያዋን ወደ ውሃው መንዳት ጀመረ። አባት በትራቸውን ከፊቱ ጋረዱት። “ልጄ፣ አህያ ትገዛለች። እህልም ይገዛል። አንተን ማን ይገዛሃል?” አሉት። ወጣቱ መልስ አልሰጠም። ጥቂት ቆሞ አሰበ። ከዚያ ጭነቱን አራገፈ።

ያን ሌሊት ሁላችንም እሳቸው ቤት አደርን። ቡና ተፈላ። እማወራዋ ያላቸውን እንጀራ አቀረቡልን። “አብሽሩ፣ ውሃ ያልፋል” አሉን። እኒያ አባት በወጣትነታቸው እንደዚህ ያለ ጎርፍ ወንድማቸውን እንደወሰደባቸው የነገሩን ማታ በቡናው ላይ ነው። “ሰማይ ጥርት ብሎ ነበር” ብለው ዝም አሉ። ሌላ አልጨመሩም። በማግሥቱ ጧት ውሃው ከጉልበት በታች ነበር። ወጣቱ ጭኖ ተሻገረ። ገበያውም አላመለጠውም።

አራተኛ ምዕራፍ፦ ያልሄድነው መንገድ

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግር አልሄድንም። ቆላው በርሃ ነው፤ በመጽሐፍና በካርታ ተከተልነው።

ሚሌ በአፋር ምድር ወርዶ ሚሌ የምትባለውን ከተማ ያገኛል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ መንገድ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ ያውቃታል። ከዚያ ወዲያ ሚሌ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ነው። ርዝመቱ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚሌ ሳይቀላቀለው በፊት አዋሽ በሐዳር አጠገብ ያልፋል። ሉሲ ወይም ድንቅነሽ የተባለችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አፅም የተገኘችው በሐዳር ነው። የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በእነዚህ ወንዞች ዳር እግር መጓዝ የጀመረው ትናንት አይደለም።

በ1920 ዓ.ም. ኔዝቢት የተባለ እንግሊዛዊ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አዋሽን ተከትሎ በአፋር አለፈ። የሚሌን ትልቅነት አይቶ ተደንቋል። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ደግሞ በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። ቴሲጀር የተወለደው በ1902 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ጥያቄው የእኛ ተማሪዎች ጥያቄ ነበር፤ “ይሄ ወንዝ መጨረሻው የት ነው?” የሚል። በግመል ስንቁን ጭኖ፣ ብዙ ሰዎች አስከትሎ፣ ከውሃ ወደ ውሃ እያረፈ ወረደ። በመጀመሪያው ሙከራ መንግሥት ለደኅንነቱ ሰግቶ መለሰው። እንደገና ፈቃድ ተቀብሎ ቀጠለ። የአውሳን ሡልጣን መሐመድ ያዮን አግኝቶ አለፈ። በመጨረሻም አዋሽ አቤ ሐይቅ እንደሚገባ በዓይኑ አየ። ከዚያ በግንቦት ወር ታጁራ ከተባለው የባሕር ዳር ከተማ ደረሰ።

ቴሲጀር ያገኘውን አፋሮች ዱሮም ያውቁት ነበር። የሚኖሩበት አገር ነው። ቴሲጀር ግን ጻፈው። የተጻፈው ነገር ሩቅ አገር ደረሰ፤ ስሙም በእሱ ተጠራ። ስለ አገራችን እኛ የምናውቀውን እኛ ካልጻፍነው ሌላ ይጽፈዋል።

አቤ ሐይቅ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው በፀሐይ ተንኖ ያልቃል፤ ጨው ይቀራል። ሲሪንቃ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ያህል ነው። አቤ ሐይቅ 240 ሜትር ያህል ነው። 1850 ሲቀነስ 240፣ 1610 ይሆናል። የእኛ ምድር ያን ያህል ይወርዳል።

የሦስቱ ተማሪዎች ክርክር እንዴት አለቀ? “ባሕር ይገባል” ያለው ተረታ። “አሸዋ ይጠጣዋል” ያለችው ስለ ትንንሾቹ ጅረቶች በበጋ እውነት ተናግራለች። “አዋሽ ይገባል” ያለው ስለ ሚሌ እውነት ተናግሯል። ሁለቱም ተጨባበጡ። ተረትቻለሁ ያለው ደግሞ “ለእኔ የቀረኝ ቡና ማፍላት ነው” አለ፤ አፈላም።

በወንዝ ዳር ለሚጓዙ ሁሉ

1. ከመሻገራችሁ በፊት ወደ ተራራው ተመልከቱ። ደጋው ከጠቆረ ቆዩ።
2. ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና አረፋ ካመጣ፣ ወይም ድምፅ ከሰማችሁ ወደ ከፍታ ውጡ።
3. በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ አትተኙ። ከብትም አታሳድሩ።
4. የወንዝ ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ።
5. በዝግታ በሚሄድና በተኛ ውሃ ውስጥ ብዙ አትቆዩ። የቢልሃርዚያ ትል በቆዳ በኩል ይገባል።
6. ቆላ ስታድሩ አጎበር ያዙ። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው በሌሊት ነው።
7. የአገሬውን ሰው ሳትጠይቁ አትለፉ። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ ያለው ወንዝ ከየት ይነሣል? ወዴት ይሄዳል?
2. ወንዙ የበላው መሬት አለ? በእርምጃ ለኩት። ቀኑንና ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉ።
3. የውሃ ተራችሁ ተጽፏል? ማን ያነበዋል? ማንስ ያረጋግጠዋል?
4. በወንዙ ዳር ያሉትን መሻገሪያዎች ስም ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ። ሰው የተወሰደበት መሻገሪያ ካለ ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ለልጆቻችሁም አንብቡላቸው።